ዘጌ ለፎቶ ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነስቶ፣ የጣና ሐይቅ ባሕረ ገብ መሬት የሆነው ዘጌ ውሎ መመለስ ቀላል ይመስላል። ማታ ግን ብዙ ሰው እግሩ ዝሎ፣ ስልኩ በአንድ ዓይነት አረንጓዴ ፎቶ ተሞልቶ ይመለሳል። ድካሙ አይቀርም። ፎቶው ግን እንዲህ መሆን አልነበረበትም።

ዋናው ስህተት ዘጌን እንደ ዱር ማየት ነው። ዘጌ ሰው የተከለው፣ የሚያርመውና የሚለቅመው የአትክልት ቦታ ነው። እንደሚተረከው ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው የዘጌው ጻድቅ የአቡነ በትረ ማርያም በረከት ናቸው። በእሳቸው ሥርዓት መሬቱ በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይሰማራበትም። ደኑ ሳይመነጠር ለመቆየቱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከላይ ብርብራና ዋንዛ ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥር ቡናው አለ። እና ካሜራውን ወደ ዛፉ ጫፍ ብቻ አያንጋጡት። በቡናው መሀል የሚያልፈውን ቀጭን መንገድ፣ ደጅ ላይ የተሰጣውን ቡና፣ ጓሮ ያለውን ጌሾ ያስገቡ። የሰው እጅ ያላረፈበት የዘጌ ፎቶ የትኛውም ደን ሊሆን ይችላል።

ብዙዎች ደግሞ ጢስ ዓባይንና ዘጌን በአንድ ቀን ሊጨርሱ ይነሳሉ። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ አቅጣጫውም ሌላ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ዘጌ ብቻውን ቀኑን ይሞላል።

አርፍዶ መነሳትም ዋጋ ያስከፍላል። ጣና ጠዋት ይረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ጀልባው ላይ ይረጫል። ካሜራዎን በላስቲክ ጠቅልለው ይያዙ። ከብርሃኑም አንጻር ጠዋት ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በቅጠሉ ቀዳዳ እየገባች የሰው ፊት ዝንጉርጉር ታደርገዋለች። ያን ሰዓት ምሳ ይብሉበት፣ ወይም እዚያው ዘጌ ያለው ገዳም ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብተው ሥዕሎቹን ረጋ ብለው ይዩ። ደመና ሲሆን አይዘኑ፤ ለደን ፎቶ ከደመና የተሻለ ብርሃን የለም።

ፍላሽ ነገር ያበላሻል። የቡና ቅጠል አንጸባራቂ ስለሆነ የፍላሹን ብርሃን መልሶ ፎቶውን ነጭ ያደርገዋል። በካሜራ ከሆነ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርገው የመዝጊያውን ፍጥነት 1/125 ሰከንድ አካባቢ ይያዙ። በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ብርሃን ያለበትን ቦታ ነክተው ትንሽ ያጨልሙት፤ አለበለዚያ ሰማዩ ተቃጥሎ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥማ ፍላሽ ጨርሶ አይሞከርም። ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነም አስቀድመው አባቶችን ይጠይቁ።

ወቅቱን ሳያዩ መሄድም አለ። ቀይ የቡና ፍሬ የሚፈልግ ሰው ከጥቅምት ወዲያ ይሂድ። ነጩ አበባ ዝናብ ካገኘ በኋላ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይቆያል፤ እሱን ለማግኘት ዘጌ ሰው ማወቅ ይጠቅማል። በክረምት መንገዱ ያንሸራትታል፣ ነጠላ ጫማ አይሆንም።

ሴቶች አብረው ካሉ ደግሞ በመንገድ ላይ ደሴቱ ገዳም ክብራን ገብርኤል ጎራ እንላለን ብለው አያቅዱ፤ እዚያ ሴት አትገባም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ሳይጠይቁ ማንሳት ነው። ያ ሁሉ ቡና ባለቤት አለው። ቡና የሚለቅሙ እናት ሲያገኙ መጀመሪያ ሰላም ይበሉ፣ «እናቴ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ይበሉ። እምቢ ካሉ ይተዉት። ካነሱም በኋላ ፎቶውን ያሳዩዋቸው። ያኔ ብዙ ጊዜ ራሳቸው «ናማ፣ ይሄንንም አንሳው» ብለው ጓሯቸውን ያስጎበኛሉ፤ የቀኑ ምርጥ ፎቶም ከዚያ ይወጣል።

በመጨረሻ፣ ከጀልባ ነጂው ጋር የመመለሻውን ሰዓትና የቆይታውን ዋጋ ባሕር ዳር ሳሉ ቁርጥ ያድርጉ። ዘጌ ወደብ ላይ ደክሞዎት፣ ሞገዱ እየጨመረ መከራከር አይመከርም።