የኢሜይልን መከፈት ስንከታተል ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በድሬዳዋ ለቡና ላኪዎችና ለትራንዚተሮች፣ በሐረር ደግሞ በጀጎል ውስጥ ላሉ የእንግዳ ማረፊያዎች የኢሜይል ሥራ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ስህተት «መክፈትህን አይቻለሁ» ብሎ ለተቀባዩ መጻፍ ነው።

ከዚራ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ ወጣት ቡና ላኪ ለአንድ ጀርመናዊ ገዢ የዋጋ ማቅረቢያ ላከ። መከታተያው በማግስቱ «አራት ጊዜ ተከፍቷል» ስላለው፣ «ሌሊት ደጋግመው እንዳነበቡት አይቻለሁ፤ ለምን አልመለሱልኝም?» ሲል ጻፈ። ገዢው መልእክቱን ገና እንዳላነበበው፣ ከሚከታተለው ሰው ጋርም መሥራት እንደማይፈልግ በሁለት መስመር መለሰ። ናሙናው ተቀምሶ የተወደደለት ቡና በዚህ ምክንያት ሳይሸጥ ቀረ።

መከታተያ የምንለው በመልእክቱ ውስጥ የተሸሸገ፣ በዓይን የማይታይ አንድ ፒክሰል (የስክሪን አንዲት ነጥብ) የሚያህል ምስል ነው። ለእያንዳንዱ ተቀባይ የተለየ አድራሻ ስለሚሰጠው፣ ምስሉ ከሰርቨር (ከተቀመጠበት የኢንተርኔት ኮምፒውተር) በተጠራ ቁጥር ሰዓቱ፣ የመሣሪያው ዓይነትና የአይፒ አድራሻው (መሣሪያው በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት፣ ቦታውንም በግምት የሚጠቁም ቁጥር) ይመዘገባል። ምስሉን የጠራው ሰው ይሁን ማሽን ግን መዝገቡ አይለይም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ከአይፎን ሥርዓቱ ከአይኦኤስ 15 ጋር ያወጣው የኢሜይል ግላዊነት ጥበቃ፣ ተቀባዩ መልእክቱን ባይነካውም እንኳ ምስሎቹን በራሱ ሰርቨሮች በኩል አስቀድሞ ሊያወርዳቸው ይችላል። ስለዚህ ወጣቱ የወቀሰው ሰው ያላደረገውን ነገር ነበር። በእርግጥ አንብቦት ቢሆን ኖሮም፣ ሰው ደብዳቤውን በስንት ሰዓትና በየትኛው ስልክ እንደሚያነብ ሳይነግሩት መመዝገብ በሩን ሳያንኳኩ ቤቱ እንደ መግባት ነው። የአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ወገን ሕጋዊ ምክንያት እንዲኖረውና ባለቤቱን እንዲያሳውቅ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ስህተት በመከታተያው ላይ የሚታየውን ቦታ ማመን ነው። ጂሜይል ከእ.ኤ.አ. 2013 መጨረሻ ጀምሮ ምስሎችን በጉግል ሰርቨሮች በኩል ስለሚያሳይ፣ የሚታየው ቦታ የሰርቨሩ እንጂ የአንባቢው አይደለም።

ሦስተኛውን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ለአንድ የሐረር ማረፊያ ስሠራ፣ ለስድስት ወራት መልእክት «ያልከፈቱ» ደንበኞችን ከዝርዝሩ ሰረዝኩ። ከእነርሱ መካከል በየዓመቱ እንግዳ የሚልክ አንድ አስጎብኚ ነበረበት። የሞባይል ዳታ ለመቆጠብ ምስሎችን ስለዘጋ፣ መልእክቶቹን ሁሉ ቢያነብም መከታተያው አንድም ጊዜ አልቆጠረውም። «ምን አጠፋሁና ተዋችሁኝ?» ብሎ ሲደውል የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሰው ሳልጠይቅ አልሰርዝም፤ የምቆጥረውም ምላሽን፣ ስልክንና ትእዛዝን ብቻ ነው።

መልእክትን ከልክ በላይ ማስረዘምም ስህተት ነው፤ ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት የሚበልጠውን ስለሚቆርጠው፣ ከታች የተቀመጠው ፒክሰል ሳይጠራ ይቀራል።

የመጨረሻው፣ ነጋዴዎቻችን ፈጽሞ የማያስቡት ስህተት፣ መከታተያ የሚልኩት እነርሱ ብቻ እንደሆኑ መገመት ነው። ገዢው የላከላችሁን የዋጋ ምላሽ በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ብትከፍቱት፣ ምን ያህል እንደቸገራችሁ ከእናንተ አፍ ሳይሰማ ሊገምትና በዋጋው ላይ ሊጠነክርባችሁ ይችላል። ስለዚህ ድርድር የያዘ ኢሜይል ከመክፈታችሁ በፊት፣ በጂሜይል ማስተካከያ ውስጥ ውጫዊ ምስሎችን ከማሳየቱ በፊት እንዲጠይቃችሁ የሚያደርገውን አማራጭ ምረጡ፤ ምስል የግድ የሚያስፈልጋችሁ ሲሆን ለዚያ መልእክት ብቻ ትፈቅዳላችሁ።