በማዝዳ ኤምኤክስ-5 ስውር ክፍሎች የሚገባ ዝገት፦ ችግሩና መፍትሄው

በአሜሪካ ሚያታ በሚል ስም የሚታወቀው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የአውቶሞቢል ትርኢት ከታየ ወዲህ በሞተሩ ጥንካሬ የተመሰገነ ባለሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ነው። ሁለቱ የመጀመሪያ ትውልዶች ግን፣ ማለትም እስከ 1997 እና ከ1998 እስከ 2005 የተመረቱት፣ እኔ እንደምኖርበት እንደ ሜሪላንድ በበረዶ ወራት አስፋልት ላይ ጨው በሚበተንበት አገር ከቆዩ፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ ዝገት ይበላቸዋል።

ምልክት፦ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት፣ የበሩ ደፍ በሚያበቃበት ቦታ፣ የተቃጠለ ቆዳ ውኃ እንደሚቋጥር ሁሉ ቀለሙ ያብጣል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቦታውን አስፍቆ ስቱኮ ያስመታና ቀለም ያስቀባል፤ ብዙም ሳይቆይ ያው እብጠት ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱም ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ላሜራውን የሚገፋው ከውስጥ ነው፤ ቀለሙ ሲያብጥ ውስጡ ከተበላ ቆይቷል ማለት ነው። ውኃው የሚገባው ደግሞ ከላይ ነው። በሸራው ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ባለ አሸንዳ ተሰብስቦ፣ በግራና በቀኝ ከመቀመጫ ቀበቶው ማማ ሥር በሚገኙ ሁለት ማፍሰሻዎች አልፎ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት መሬት ላይ መፍሰስ ይገባዋል። ማፍሰሻው በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን ግን ውኃው ሞልቶ ወደ ምንጣፉና ከበሩ ሥር ወደሚያልፈው ሳጥን መሰል ብረት፣ ማለትም ወደ ደፉ፣ ይገባል። ስለዚህ ከመቀመጫው ጀርባ ምንጣፉ ረጥቦ የሻጋታ ሽታ ካመጣ፣ ቀለሙ ገና ባያብጥም የችግሩ መነሻ ይኸው መሆኑን ይጠርጥሩ።

መፍትሄው ብረቱን ከዝገት የሚከላከል ሰም ከመርጨት በፊት ውኃውን ማስወጣት ነው። ሸራውን በግማሽ ከፍተው እጅዎን ወደ ማፍሰሻው ያስገቡና ቆሻሻውን በእጅ ያውጡ፤ ከዚያ ለስላሳና የሚተጣጠፍ የፕላስቲክ ዘንግ ቀስ እያደረጉ ያስገቡበት። ሹል ሽቦ ቱቦውን ይበሳዋል፣ ኃይለኛ የኮምፕሬሰር አየርም ከቦታው ሊያላቅቀው ይችላል። አንድ ኩባያ ውኃ ሲያፈሱበት ሳይቆም ከታች መውጣት አለበት። ቀጥሎ ከደፉ ሥር፣ ሁለቱ ላሜራዎች በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ይክፈቱ፤ ብዙውን ጊዜ ከሥር የተቀባ ጥቁር ሬንጅ ደፍኗቸው ይገኛል። የራሴን የ1999 ስሪት መኪና የቀኝ ደፍ ስከፍት፣ ዝናብ ካቆመ ከሳምንት በላይ ሆኖት ሳለ፣ እንደ ሻይ የጠቆረ ውኃ የዝገት ቅርፊት እያንሳፈፈ መንጠባጠብ ጀመረ።

የደፉን ውስጥ ለብ ባለ ውኃ ያለ ኃይለኛ ግፊት፣ የሚወጣው እስኪጠራ ድረስ ይጠቡ፤ ጨው ውስጥ ከቀረ ሰሙ ከላዩ ተቀብቶም ዝገቱ ይቀጥላል። ከዚያ እስኪደርቅ ይታገሡ። እኔ በደረቅ አየር ሁለት ሦስት ቀን እተወዋለሁ፤ የሚቸኩል ሰው የሞቀ አየር በማራገቢያ ሊያስገባ ይችላል። እርጥብ ብረት ላይ የተረጨ ሰም እርጥበቱን ቆልፎ ስለሚያስቀምጥ፣ ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። ለስውር ክፍሎች የሚሠራውን ሰም፣ በሁሉም አቅጣጫ የሚረጭ አፍንጫ ባለው ረጅም ቱቦ፣ በጎማ ውታፍ በተዘጉት የፋብሪካ ቀዳዳዎች በኩል እስከ ጥግ አስገብተው፣ ቱቦውን ቀስ እያሉ ወደኋላ እየሳቡ ይርጩ። ሰሙም ሆነ ብረቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሰሙ ወደ መገጣጠሚያዎቹ ስለማይሰርግ ሥራውን ሞቅ ባለ ቀን ያድርጉት። ከታች መንጠባጠብ ሲጀምር ይበቃዋል፤ ከደፉ ሥር ያሉትን ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ግን መልሰው ይክፈቱ። ፍሬንና ማርሚታ ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ፤ ሰሙ ተቀጣጣይ ስለሆነም ብየዳ የሚያስፈልግ ከሆነ ብየዳው ይቅደም።

ምልክት፦ በሁለተኛው ትውልድ መኪና፣ ከሞተሩ ግራና ቀኝ የሚያልፈው የፊት ሻንሲ ከሥሩ ያብጣል ወይም ይላላጣል።

ሻንሲው በዚህ ቦታ በድርብ ላሜራ ስለተሠራ በሁለቱ መካከል የገባ ውኃና ጨው መውጫ ያጣል። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥተው ከሥር አይግቡ፤ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ያስቀምጡትና ሻንሲውን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ያድርጉት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው የታፈነ ድምፅ ያሰማል፣ ሲጫኑትም ይሰረጉዳል። ድምፁ ጥርት ካለ ከላይ እንደተገለጸው አጥበው፣ አድርቀው ሰም ይርጩበት። ከተሰረጎደ ግን ሻንሲው በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን የሚከላከል አካል ስለሆነ፣ የተበላው ተቆርጦ በአዲስ ብረት በባለሙያ ይበየድ። የተበላውን ሻንሲ በሬንጅ የሸፈነ ሻጭ ካጋጠመዎት መኪናውን አይግዙ።

ምልክት፦ የፊት ፓራፋንጎ ከበሩ ጋር በሚገናኝበት የታችኛው ጥግ ይዝጋል።

ከፊት ጎማው ጀርባ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ሲያነሡ የተጠቀጠቀ ጭቃ ያገኛሉ። ጠርገው ያጥቡት፣ ያድርቁትና ሰም ይቀቡት።

ምልክት፦ ከኋላ በዕቃ መጫኛው ቀኝ በኩል፣ ከባትሪው ሥር ቀለሙ ይላጣል።

በእነዚህ ትውልዶች ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ የጋዝ መውጫ ቱቦ የሌለው ባትሪ ከተገጠመ ከአሲዱ የሚወጣው ተን ብረቱን ይበላዋል። ጓንትና መነጽር አድርገው ባትሪውን ያውጡ፤ ወለሉን በውኃ በተበጠበጠ የመጋገሪያ ሶዳ ይጠቡት፤ አረፋው ሲያቆም በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው ያድርቁ። ዝገቱን በብረት ብሩሽ ፍቀው ፀረ ዝገትና ቀለም ከቀቡ በኋላ ቱቦው ወደ ውጭ የሚወጣ ትክክለኛ ባትሪ ይግጠሙ።