ቤት ግንባታ ልታግዙ ነው? ከሙሌቱ ማግስት ኑ

ለተቸገረ ሰው ቤት ሲሠራ አርማታ በሚሞላበት ቀን ሰው አይጠፋም፤ እንዲያውም አካፋ ያጥራል። ሰው የሚጠፋው በማግስቱ ነው። አርማታ የሚጠነክረው ግን በመድረቅ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ስለሆነ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥበት ሊለየው አይገባም፤ ፀሐይ ከበረታ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ጉልበታችሁ ብዙም ባይሆን ጠዋትና ማታ ውሃ የማጠጣቱን ተራ ያዙ። ጆንያ አልብሳችሁ ብታርሱት እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። አስተባባሪው እጃችሁን ይስማል፣ እመኑኝ።

ሙሌቱ ላይ ከተገኛችሁም ጓንትና የጎማ ቦቲ አይቅር። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሕመሙ ዘግይቶ ስለሚሰማ ሰው ይዘናጋል። ጫማ ውስጥ ከገባ ወዲያው አውልቃችሁ በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጠቡ።