ዲሽ ሳዞር የገባኝ የምህዋር ነገር

ዲሻችንን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ያዞርን ቀን ቆርቆሮው ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ሳሎን ሆኖ "መጣ! ኧረ ጠፋ! መልሰው!" ይጮሃል። እማዬ በረንዳ ላይ ቡና እየቆላች "ቆይ ግን፣ ሳተላይቱ እዚያ ላይ ተገትሮ ነው የሚውለው?" አለችኝ።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው። አልተገተረም፤ በሰዓት ወደ 11,000 ኪሎ ሜትር ይከንፋል። ሳተላይት ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ዙር ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ዙሩ ምድር በዛቢያዋ አንዴ ከምትሽከረከርበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። አብረን ስለምንዞር የቆመ ይመስለናል። ባይሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ ዲሽ ሳዞር ልውል ነበር!

"እዚሁ ጎንደር አናት ላይ አንድ ቢያቆሙልንስ?" አለች እማዬ። አይሆንም። የሳተላይት ዙር ሁሉ የምድርን መሃል ይከባል፤ ስለዚህ የቆመ የሚመስለው ከምድር ወገብ በላይ ያለው ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ከወገቡ 12.6 ዲግሪ ወደ ሰሜን ነን። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስላለ ዲሹን ቀጥ አድርጌ ወደ ምሥራቅ ሳዞር ሲግናል ድራሹ ጠፋ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስመልሰው መጣ።

አንድ ጎረቤታችን በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የአገራችን ሳተላይት ቲቪ ታመጣለች ብሎ ሲጠብቅ ነበር። እሷ ግን ምድርን ፎቶ እንድታነሳ የተሠራች ናት። ከ600 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ፣ ከዋልታ ዋልታ እየተመላለሰች፣ በአንድ ቦታ ላይ ስታልፍ የቀኑ ሰዓት ሁልጊዜ ተቀራራቢ ነው። ጥላው ስለማይለዋወጥ የዘንድሮን ማሳ ከአምናው ጋር ማነጻጸር ይቀላል። ምህዋሩ የሚመረጠው በሥራው ነው።

"ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት ስበት ስለሌለ ነው" የሚለውን ደግሞ መምህር ሲናገረው ሰምቻለሁ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያለበት 400 ኪሎ ሜትር ላይ እኮ ከስበቱ 90 በመቶ ያህሉ አለ። ጣቢያው ከነሰዎቹ እየወደቀ ነው፤ ወደ ጎን ስለሚፈጥን መሬቷን ይስታታል እንጂ።

የመጨረሻው፦ "ሐምሌ የሚበርደን ከፀሐይ ስለራቅን ነው።" ምህዋራችን ትንሽ ሞላላ ስለሆነ መራቁስ እውነት ነው፤ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። ግን በዚያው ወር አውሮፓ በሙቀት ይነዳል። እኛን የሚያበርደን ደመናውና ዝናቡ ነው። በጣም የምንቀርባትማ፣ 147 ሚሊዮን ላይ፣ ለጥምቀት ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ያኔ ደግሞ ሌሊት ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ጋቢ ደርበን እንንቀጠቀጣለን።