ጽሁፌ ፌድ አላረግ አለኝ፦ የዲጂታል ስክራፕቡክ ችግርና መፍትሄ

ሌየር ምን እንደሆነ፣ ጽሁፍ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚገባ እዚህ አላስረዳም፣ እሱን ታውቁታላችሁ። ይሄ መመሪያ ሰው የዲጂታል ስክራፕቡኩን (በኮምፒውተር የሚሰራ የማስታወሻ አልበም) ፋይል እየላከ «ጽሁፉ ቀስ እያለ ደብዝዞ እንዲጠፋ ፈልጌ ነበር፣ ምን ነክቶት ነው?» እያለ ሲጠይቀኝ ደጋግሜ የመለስኩት ነው። የማወራው ስለ ፎቶሾፕ ነው፤ ሌሎቹ የፎቶ ማቀናበሪያዎች ጊምፕም ፎቶፒያም ማስክ (የሌየሩን ክፍል ሳያጠፋ የሚደብቅ መሸፈኛ) ስላላቸው ሀሳቡ ያው ነው፣ የሚለየው የቁልፎቹ ቦታ ነው።

ግራዲየንት ስስብ ጽሁፉ አይደበዝዝም፣ ወይ ገጹ በሙሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል

የዘወትር እንግዳዬ ይሄ ነው። ግራዲየንት ማለት ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ የሚሄድ ቅብ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ማስኩን ትታችሁ ጽሁፉን ነክታችኋል። ሌየሮቹ የተደረደሩበት ላይ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ማስክ ያለው የጽሁፍ ሌየር ሁለት ትንንሽ ሳጥን አለው፣ አንዱ የቲ ፊደል ያለበት፣ አጠገቡ ደሞ ነጩ፣ እሱ ማስኩ ነው። የተመረጠው ሳጥን ዙሪያውን ቀጭን መስመር ይዞራል፣ በጣም ቀጭን ስለሆነ ካልፈለጋችሁት አይታይም፣ ጣጣውን ሁሉ የሚያመጣው እሱ ነው። መስመሩ ቲው ላይ ከሆነ የቆየው ፎቶሾፕ «ጽሁፉ ራስተራይዝ መደረግ አለበት» ብሎ ይጠይቃል፣ አዲሱ ደሞ ሳይጠይቅ የግራዲየንት ሌየር ከላይ ይጨምርና ገጹን ይሸፍነዋል። ሰው ደንግጦ ስራዬ ጠፋ ይላል። አልጠፋም፣ በኮንትሮል ዜድ ወደ ኋላ መልሱት።

የራስተራይዙን ጥያቄ ግን እሺ እንዳትሉ። እሺ ካላችሁ ጽሁፉ ስዕል ሆነ ማለት ነው፣ ፊደል ማረም የለ፣ ፎንት መቀየር የለ። አንዷ የልጇን የልደት አልበም ስድስት ገጽ እንደዛ አርጋ ላከችልኝ፣ ፌዱ ያምራል፣ ቀኑ ግን ስድስቱም ላይ ስህተት ነው። በፊት የነበረውን ፋይል አላስቀመጠችም። የፎንቱን ስም አታስታውስም። ማታ ቁጭ ብዬ ፎንቱን በአይን እየገመትኩ፣ መጠኑን እየለካሁ ስድስቱንም እንደገና ጻፍኩ፣ ያውም ለአንድ ቁጥር ብዬ! ኢሬዘርም (ማጥፊያው) ያው ነው፣ ጽሁፍ ላይ ለመስራት መጀመሪያ ራስተራይዝ ይፈልጋል፣ የጠፋውም አይመለስም። ኢሬዘር አትንኩ። እንደገና ልበለው፣ ኢሬዘር አትንኩ።

መፍትሄው፦ የጽሁፉን ሌየር ምረጡ፣ ከታች ካሉት ምልክቶች መሀሉ ክብ ያለበትን አራት ማዕዘን ተጫኑ፣ ነጭ ሳጥን ይመጣል። መጥቷል ብላችሁ አትመኑት፣ ራሱን አንዴ ክሊክ አርጉት። ኪቦርዱ ላይ የዲን ቁልፍ ተጫኑ፣ ቀለሞቹ ነጭና ጥቁር ይሆናሉ፣ ኤክስ ደሞ ቦታ ያቀያይራቸዋል። ግራዲየንት ቱሉን አንሱና ጥቁሩ ጽሁፉ መጥፋት ካለበት ጎን፣ ነጩ መታየት ካለበት ጎን እንዲሆን ሺፍት ይዛችሁ ጎትቱ። ጥቁር ይደብቃል፣ ነጭ ያሳያል፣ ግራጫው መሀል ነው፣ ይሄን ከያዛችሁ ሌላው ትርፍ ነው። የጎተታችሁበት ርዝመት የመደብዘዙ ርዝመት ነው፤ አንድ ጣት ያህል ብቻ ጎትታችሁ «እንደ መቀስ ቆረጠብኝ» ካላችሁኝ አልሰማችሁም።

ይሄን ሁሉ አርጋችሁ አሁንም እምቢ ካለ፣ ኦልት ይዛችሁ ማስኩን ክሊክ አርጉ፣ ማስኩ ብቻውን ስክሪኑን ሞልቶ ይታያል። ከጥቁር ወደ ነጭ በቀስታ መሄድ አለበት። ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ ግራዲየንቱ እዛ አልደረሰም። በጣም ፈዛዛ ግራጫ ካለ ደሞ የግራዲየንት ቱሉን የራሱን ኦፓሲቲ (ምን ያህል ድፍን እንደሆነ) ከላይ እዩት። አንድ ሰው ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብሎ ሁለቴ አጥፍቶ ጭኖታል፣ ችግሩ ግን የቱሉ ኦፓሲቲ 10 ፐርሰንት መሆኑ ነበር። የሌየሩን ኦፓሲቲ ልቀንስ ብሎ ኪቦርዱ ላይ 1ን ተጭኗል፣ በእጁ ግራዲየንት ቱል ይዞ ስለነበር ቁጥሩ የቱሉን ነው የቀነሰው፣ ሲጭነውም የድሮው ሴቲንግ አብሮ ተመለሰ። 0ን ተጫኑ፣ ወደ 100 ይመለሳል።

ሌላው ደሞ በጎተታችሁ ቁጥር እየባሰበት ጽሁፉ ጭራሽ የሚጠፋው ነው። የመረጣችሁት ግራዲየንት ከቀለም ወደ ባዶ የሚሄደውን አይነት ስለሆነ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል። ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄደውን ምረጡ፣ እሱ የበፊቱን ይተካዋል እንጂ አይጨምርበትም። የተወሰነ ቦታ ላይ ብቻ የሚሰራ ከሆነ የረሳችሁት ሴሌክሽን (ተከልሎ የተመረጠ ቦታ) አለ፣ በኮንትሮል ዲ አጥፉት።

ስክሪን ላይ ያምራል፣ ሲታተም የለም

ስክሪን ከኋላው ብርሃን አለው፣ ወረቀት የለውም። 10 ፐርሰንት ኦፓሲቲ ያለው ግራጫ ጽሁፍ ስክሪን ላይ ስስ ጭጋግ ነው፣ ወረቀት ላይ ግን የተራራቁ የቀለም ነጥቦች ናቸው፣ ቀጭን ፎንት ከሆነ ደሞ ፊደሉን የሚሰራ ነጥብ አይበቃም። እኔ ለሚታተም ነገር ከ25 አልወርድም፣ መነበብ ያለበት ከሆነ 35። ባታምኑኝ ያንኑ ቃል በ15፣ በ25፣ በ35 አርጋችሁ ትንሽ ወረቀት ላይ አትሙት፣ አልበሙን በሙሉ ካሳተማችሁ በኋላ ከምታለቅሱ።

ያረጀ እንዲመስል ብዬ ብራሽ ነካሁት፣ ቃሉ ተቀየረ

ይሄ የኛ ፊደል ጣጣ ነው፣ የውጪዎቹ ቪዲዮዎች አይነግሯችሁም። እነሱ ፊደላቸው ግማሹ ቢበላም ይነበባል። የኛ ግን እግሩ ስር ያለችው ቀለበት ወይ ጎኑ ላይ ያለችው ሰረዝ ከሄደች ሌላ ፊደል ሆነ። የቤተሰብ ፎቶ ላይ በትልቁ «ቤታችን» ተብሎ የተጻፈ ርዕስ አይቻለሁ፣ ግራንጅ ብራሹ (የተቦጫጨረና ያረጀ የሚያስመስለው) የቤን ቀለበት በልቶት «በታችን» ሆኖ ነበር የመጣው፣ ሳላስበው ሳቅሁ። መፍትሄው ብራሹን ማስኩ ላይ በጥቁር መምታት፣ ከዛ ገጹን 100 ፐርሰንት አጉልቶ ቀለበቶቹንና ሰረዞቹን አንድ በአንድ እያዩ የተበላውን በትንሽ ነጭ ብራሽ መመለስ ነው። ለዚህ ስራ ቀጫጭን ፎንት አትምረጡ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ድረስ ስላለው ወፍራሙን ውሰዱ፣ ሲበላም የሚተርፍ ነገር ይኖረዋል።

ኦቨርሌይ ሳደርገው ድራሹ ጠፋ

ኦቨርሌይና ማልቲፕላይ ሌየሩ ከስሩ ካለው ጋር የሚዋሃድባቸው መንገዶች ናቸው። የጠፋው ከስሩ ያለው ወረቀት ንጹህ ነጭ ስለሆነ ነው። ኦቨርሌይ ንጹህ ነጭና ንጹህ ጥቁር ላይ ምንም አይለውጥም። ወረቀቱን ክሬም ቢጤ አርጉት ወይ ማልቲፕላይ ሞክሩ። ነጭ ጽሁፍ ማልቲፕላይ አርጋችሁ «ጠፋ» የምትሉ ደሞ አላችሁ፣ ይጠፋል፣ ስራው ነው።

ፊደሉ ደበዘዘ፣ ጥላው ቀረ

ፊልን ነው የቀነሳችሁት። ፊል ፊደሉን ብቻ ያሳሳል፣ ጥላውንና ስትሮኩን (በፊደሉ ዙሪያ ያለውን መስመር) አይነካም። ኦፓሲቲ ሁሉንም አብሮ ያሳሳል። በማስክ ፌድ ያረጋችሁት ጽሁፍ ስትሮክ ካለበትና ጠርዙ ከተዝረከረከ ጽሁፉን ግሩፕ ውስጥ ከታችሁ ማስኩን ግሩፑ ላይ አርጉት፣ ሁሉም እኩል ይደበዝዛል።

መደብዘዙ ደረጃ ደረጃ ሰራ

12 በ12 ኢንች ገጽ በኢንች 300 ፒክስል ሲሰራ ጎኑ 3600 ፒክስል ነው፣ 8 ቢት ፋይል ደሞ ለአንድ ቀለም ያለው 256 ደረጃ ብቻ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ነገር ከ10 ወደ 25 ፐርሰንት እየደመቀ ገጹን ሙሉ እንዲሄድ ካረጋችሁት የምትጠቀሙት 38 ደረጃ አካባቢ ነው፣ አንዱ ደረጃ ወደ 95 ፒክስል ይሰፋል፣ ስለዚ እንደ መሰላል ቢታይ አይግረማችሁ። ግራዲየንት ቱሉ ላይ ዲዘር (ደረጃዎቹን በነጥብ የሚያቀላቅለው) የሚለው ምልክት ይኑረው፣ ካልበቃ ማስኩ ላይ 1 ወይ 2 ፐርሰንት ኖይዝ (ጥቃቅን የተበታተኑ ነጥቦች) ጨምሩ። ጄፔግ በዝቅተኛ ጥራት ሴቭ እያረጋችሁ ግን እኔን አትጠይቁ።

የቀሩት ጥቃቅኖች ናቸው። ሴቭ ካረጋችሁ በኋላ ግልጽ የነበረው ቦታ ነጭ ከሆነ ጄፔግ ነው፣ ፒኤንጂ አርጉት። ጽሁፉን ስታንቀሳቅሱ ፌዱ አብሮ ከሄደና እንዲቀር ከፈለጋችሁ በሁለቱ ሳጥኖች መሀል ያለችውን ሰንሰለት ክሊክ አርጋችሁ አጥፏት፣ ግን ስትጨርሱ መልሷት፣ ካልመለሳችኋት ሌላ ቀን ጽሁፉን ትንሽ ወደ ጎን ልግፋ ስትሉ ማስኩ እዛው ቀርቶ ግማሹን ቃል ይውጥና «ጽሁፌ ተቆረጠ» ብላችሁ ፋይሉን ትልኩልኛላችሁ።