የውሻዬን ፀጉር መርገፍ እንዴት እንዳቀለልኩት

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ላይ በረዶው ቀልጦ ሚያዝያ ሲገባ ቤታችን በፀጉር ይሞላል። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ጋቢዬ ሳይቀር። ውሻችን ሀስኪ የሚባል ዝርያ ናት። ዘንድሮ ግን በጣም ቀለለን።

ችግሩ ብሩሹ ነበር። በየቀኑ አበጥራታለሁ፤ ግን በለስላሳ ብሩሽ። ሀስኪ ድርብ ፀጉር ነው ያላት። ከላይ ረጅምና ጠንከር ያለ፣ ከስር ደግሞ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ። ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ በብዛት የሚረግፈው የስሩ ነው። የእኔ ብሩሽ እዚያ አይደርስም ነበር።

መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በውሻ ሻምፖ አጠብኳት። የሰው ሻምፖ ቆዳዋን ያደርቀዋል። ከዚያ እስከ ስሩ በደንብ አደረቅኳት። ይሄ እንዳይዘለል፤ እርጥበት ከስር ከቀረ ቆዳዋ ሊቆስል ይችላል። ቀጥሎ ጥርሱ ረዘም ያለ የብረት ማበጠሪያ ይዤ በረንዳ ላይ ወጣን። ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ ሳልጫን፣ ቀስ ብዬ አበጠርኳት። በመጀመሪያው ቀን ብቻ አንድ ፌስታል ሙሉ ወጣ! ለሦስት ሳምንት በየቀኑ 15 ደቂቃ ቀጠልኩ። አሁን ሶፋው ላይ በጥቁር ልብስ እንቀመጣለን።

«ላጫትና ተገላገል» ያሉኝ ነበሩ። እባካችሁ እንዳታደርጉት። የላዩ ፀጉር ከፀሐይ ይከላከልላታል። አንዴ ከተላጨ ደግሞ እንደ በፊቱ ላይመለስ ይችላል።

ቆዳዋ ቦታ ቦታ ከተራቆተ፣ ከቀላ ወይም እከክ እረፍት ከነሳት ግን ነገሩ የወቅት ላይሆን ይችላል። እኔ ብሆን ማበጠሪያውን አስቀምጬ የእንስሳት ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ።