ቻት ጂፒቲና ምዕራፍ አራት፦ ለማስተርስ ተማሪዎች

የማኔጅመንት ማስተርስ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሲሠሩ አማክራለሁ። አብዛኞቹ ቀን ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ውለው ማታ ክፍል የሚገቡ ናቸው። ስለዚህ «ቻት ጂፒቲን አትንኩ» አልላቸውም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። የምላቸው ይህን ነው፦ ራሳችሁ ልታጣሩት የምትችሉትን ሥራ ብቻ ስጡት። ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ትምህርት ክፍላችሁ ምን እንደሚፈቅድ ጠይቁ።

ከሪፈረንስ እንጀምር። «ስለ ሠራተኛ ፍልሰት አሥር ጥናት ስጠኝ» አትበሉት። ፕሮግራሙ የሚጽፈው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው። በእውን ያለ ተመራማሪ፣ በእውን ያለ ጆርናል፣ ግን ጨርሶ ያልተጻፈ ጥናት ሊሰጣችሁ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻት ጂፒቲ የፈጠራቸውን መዝገቦች ለፍርድ ቤት ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ይልቅ የፍለጋ ቃላት ጠይቁት፦ «ሥራ የመልቀቅ ሐሳብን የእንግሊዝኛ ጥናቶች በምን በምን ስም ይጠሩታል?» ከዚያ ጉግል ስኮላር ላይ ራሳችሁ ፈልጉ። የእያንዳንዱን ጥናት የዲኦአይ ቁጥር (የጥናቱ ቋሚ መለያ ነው) ዲኦአይ ዶት ኦርግ ላይ አስገቡ። ካልተከፈተ፣ ወይም ሌላ ጽሑፍ ከመጣ፣ ሰርዙት።

አሁን የሰበሰባችሁትን መረጃ ወደምትተነትኑበት ወደ ምዕራፍ አራት። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው፤ እኔም ብዙ የምጨቃጨቀው እዚሁ ላይ ነው።

ቃለ መጠይቁን ከመጫናችሁ በፊት ስሞቹን በኮድ ተኩ። ስም መሰረዝ ብቻ ግን አይበቃም። «የሐዋሳ ቅርንጫፍ ብቸኛዋ ሴት ሥራ አስኪያጅ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ባልደረቦቿ ወዲያው ያውቋታል። ሀገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። ስምምነት በምታስፈርሙበት ቅጽ ላይ ንግግሩ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) እንደሚታይ አንድ መስመር ጨምሩ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁም የጻፋችሁት ለሞዴሉ ማሠልጠኛ እንዳይውል አጥፉ። ይህ ግን የተጠያቂውን ፈቃድ አይተካም።

ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቃለ መጠይቆች በእጃችሁ ኮድ አድርጉ፤ ማለትም ለእያንዳንዱ ሐሳብ አጭር መለያ ስም ስጡት። ወረቀት፣ ባለ ቀለም እስክሪብቶ፣ አለቀ። ለእያንዳንዱ ኮድ ምን እንደሚገባበትና ምን እንደማይገባበት ጻፉ። ማሽኑ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የምሰጣቸው ፕሮምፕት (ለማሽኑ የሚጻፈው ትእዛዝ) ይህ ነው፦

«ከታች አንድ ቃለ መጠይቅና የኮዶቼ ዝርዝር አለ። ለእያንዳንዱ ኮድ የሚስማማውን የተናጋሪውን ንግግር ቃል በቃል ገልብጥ። ከኮዶቹ ጋር የማይሄድ ሐሳብ ካለ ለብቻው አውጣ። ለአንድ ኮድ የሚሆን ንግግር ከሌለ 'የለም' በል።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እንዳትተዉ። ያለሷ ባዶ ቦታ መተው አይሆንለትም፤ እናንተን ለማስደሰት ይሞላዋል። አንድ በአንድ ስጡት እንጂ ሁሉንም በአንዴ አትጫኑበት። አማርኛ በፊደል ሲጻፍ ተመሳሳይ ሐሳብ ካለው እንግሊዝኛ የበለጠ ቶክን (ማሽኑ ጽሑፍን የሚቆራርጥበት ቁራጭ) ስለሚበላ በአንዴ ሊይዘው የሚችለው ቦታ ቶሎ ይሞላል፤ ከረጅም ጽሑፍ መሃል ደግሞ ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

መልሱ ሲመጣ እያንዳንዱን ጥቅስ ኮንትሮል ኤፍ ብላችሁ ከዋናው ጽሑፍ ውስጥ ፈልጉ። ካልተገኘ ጣሉት። ብዙ ጊዜ የሚያደርገው የሰውየውን መንተባተብ አስተካክሎ ማሳመር ነው። ያ ማሳመር ጥቅሱን የማሽኑ ያደርገዋል፣ የተጠያቂው አይደለም።

እናንተና ማሽኑ ካልተስማማችሁ ወደ ተቀዳው ድምፅ ተመለሱ። ስለ ደመወዙ ሲጠየቅ ሳቅ ብሎ «ኧረ ተመስገን ነው» ያለ ሠራተኛ አስቡ። ማሽኑ ጽሑፉን ብቻ አይቶ «እርካታ» ሥር ሊከተው ይችላል። ሳቁን የሰማ ሰው ግን የት እንደሚያስገባው ያውቃል።

ለጭብጦቹ (ኮዶቹ ተሰባስበው ለሚሰጧችሁ ዋና ሐሳቦች) ስም እንዲያወጣላችሁም አትጠይቁት። «የአመራር ተግዳሮቶች»፣ «የግንኙነት ክፍተት» ብሎ ይሰጣችኋል። የትኛው መሥሪያ ቤት ነው ይህ የሌለበት?

መጠይቅ እንዲሞላላችሁ ማዘዝ? ማጭበርበር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) ያወጣውን ሠንጠረዥ እንዲያስረዳችሁ መጠየቅ ግን ጥሩ ነው። ቁጥሩን ከሠንጠረዡ ራሳችሁ ገልብጡ።

«ኤአይ ጽፎታል» የሚሉ መፈተሻዎችን በተመለከተ፣ መምህራንም ብትሰሙ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መፈተሻዎችን ሞክረው ነበር። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች በአማካይ ከ61 በመቶ በላይ «የኤአይ ነው» ብለዋቸዋል። የቻት ጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ የሠራውን መፈተሻ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዘግቶታል። እንግዲህ በእንግሊዝኛ የምንጽፍ እኛ ተጠርጣሪዎች ነን ማለት ነው። ጽሑፋችሁን ጉግል ዶክስ ላይ ጻፉ፤ ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ ያደረጋችሁትን ለውጥ ይመዘግብላችኋል። ብትጠየቁ እሱን ታሳያላችሁ።

በመጨረሻ ጥናቱን እንዴት እንደሠራችሁ በምትገልጹበት በምዕራፍ ሦስት ውስጥ እንዲህ የሚል አንቀጽ አስገቡ፦ «ኮዶቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቻት ጂፒቲን የተጠቀምኩት በእጄ ኮድ ካደረግሁ በኋላ ያመለጠኝን ለማየት ነው። እያንዳንዱን ጥቅስ ከቃለ መጠይቁ ጽሑፍ ጋር አመሳክሬያለሁ።» የተጠቀማችሁበትን የቻት ጂፒቲ ሥሪት ስምና ወሩን ጻፉ፤ ፕሮምፕቶቹንና የኮድ ዝርዝሩን አባሪ ላይ አያይዙ። ዲፌንስ ላይ «ይህ ጭብጥ ከየት መጣ?» ሲባል ገጹን ትጠቁማላችሁ።